የጀሪካኑ ድምፅ፦ «የአማርኛ ትሪለር ሲኒማ ቤት አያስኬድም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የአማርኛ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችን የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ጽሑፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ፊልም የሚወዱ፣ ብዙም ያዩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ትሪለር ከውጭ የተቀዳ ነገር ስለሆነ ከእኛ ኑሮ ጋር አይገጥምም። በግል ገንዘብ፣ ያለ ትልቅ ድርጅት ድጋፍ የሚሠሩት ደግሞ አቅም ስለሚያንሳቸው ድምፃቸውም ምስላቸውም ለሲኒማ አይመጥንም። ተመልካቹ ጸጥ ብሎ ማየት አልለመደም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ለሚገኝ ነገር ትኬት መቁረጥና በመንገድ መጨናነቅ መንገላታት ትርፉ ድካም ነው። በመጨረሻም፣ እነዚህን ፊልሞች የምናሞግሳቸው የአገር ልጅ ስለሠራቸው ብቻ ነው ይላሉ።

ጽሑፉን ያነበብኩት ከታናሽ እህቴ ጋር እንዲህ ያለውን አንድ ፊልም ሲኒማ ቤት ገብተን ባየን በአራተኛው ቀን ነው። ፊልሙ ገና ከውስጤ አልወጣም ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጸሐፊው የነቀፉት ዘውጉን በሙሉ ስለሆነ እኔም የምከራከረው ለዘውጉ ነው። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሲኒማ ቤት የሄድኩት ለመደሰት ነው፤ ያገኘሁትን ደስታ ደግሞ ከሌላ አገር ፊልምም፣ ከራሴ ሶፋም አላገኘውም።

ትሪለር የእኛ አይደለም ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ የከነከነኝ እሱ ነው። ጸሐፊው መርማሪውን፣ ጥቁር ካፖርቱን፣ ሽጉጡንና የመኪናውን ማሳደድ አስበው ከሆነ እውነት አላቸው። ብዙ ፊልሞቻችን እነዚህን ከውጭ ቀድተዋል፤ ሲቀዱም አላማረባቸውም። የትሪለር ሥር ግን ካፖርቱ ላይ የለም። «ማን አደረገው?» እና «አሁን ደግሞ ምን ሊመጣ ነው?» በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ ነው ያለው። እነዚህን ጥያቄዎች የእኛ ሰው ከማንም አልተበደራቸውም።

አፈርሳታን እንውሰድ፤ አውጫጭኝም ይባላል። ሌሊት ከብት ተነድቶ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። አድራጊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መመለስ የለም፤ የቀረ ይቀጣል። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጮኻል፣ ቀኑ ይመሻል። ያደረገው ሰው እዚያው መሀል ነው። ከጎረቤቱ ጎን ተቀምጦ፣ እንደ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እንደ ሰው ሁሉ «ማን ይሆን?» እያለ ነው። ለአንድ የፊልም ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ መውጫ የሌለው ቦታ ከየት ይመጣለታል? ሌባ ሻይም ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡን በመቀነት ታስሮ እየተንገዳገደ መንደር ለመንደር ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ምንም ያላጠፋ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ፣ ልጁ ወደ እሱ አጥር መታጠፍ ሲጀምር፣ ልቡ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። ፍርዱ ፍርድ አልነበረም፤ ንጹሕ ሰው ያለ ኃጢአቱ ተጎድቶበታል። ፍርሃቱ ግን የገዛ ፍርሃታችን ነው፣ በደንብ እናውቀዋለን።

ለዚህም ነው «ቁራኛዬ» የተሰኘው ፊልም፣ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የድሮ ሥርዓት ይዞ ሲመጣ፣ ሐሳቡን ለማንም ማስረዳት ያላስፈለገው። ሊገድልህ ከሚፈልግ ሰው ጋር በአንድ ማሰሪያ ታስረህ መንገድ መሄድ ምን እንደሆነ ርዕሱ ብቻ ይነግርሃል፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል ከእናቶቻችን አፍ አልጠፋማ። ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ለተመልካች ሲቀርብ ርዕሱ ምን ነበር? «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ፊልማችን ገና አፉን ሲፈታ የተናገረው ጥያቄ ነው። ከእሱ በኋላ በ1960ዎቹ የመጣውና ዛሬ የፊልም ሽልማታችን በስሙ የሚጠራው «ጉማ» ደግሞ የደም ነገር ነው፤ የተገደለበት ሰው እጅ ምን ያደርግ ይሆን የሚል።

አባቴ «ፖሊስና እርምጃው» የተባለውን ጋዜጣ ይገዛ ነበር። አንብቦ ሳይጨርስ ጎረቤት ልጅ ይልክበታል፤ ጋዜጣው አራት ቤት ዞሮ ሲመለስ ጠርዙ አልቆ፣ ዘይት ጠጥቶ ነው። የወንጀል ታሪክ የማይወድ ሕዝብ እንዲህ አያደርግም። ትምህርት ቤት ደግሞ መምህራችን ስለ ልቦለድ ሲያስተምሩን «ልብ ሰቀላ» ብለው ሰሌዳው ላይ ጽፈው ነበር። ይህ ቃል ከመጣ ምን ያህል ዘመኑ ነው! ልብን ወደ ላይ አንጠልጥሎ የማቆየት ነገር ስም ያለው ቋንቋ ነው ያለን።

አሁን ወዳየሁት ፊልም ልመለስ። አንድ ትዕይንት ብቻ ልንገራችሁ፤ መጨረሻውን አላበላሽም። ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሌሊት። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት። ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ከእሷ በቀር ሰው እንደሌለ ፊልሙ ገና መጀመሪያው ላይ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነግሮን አልፏል፤ ረስተነው ነበር። የሠፈሩ የውሃ ተራ ነው፤ ሰዉ ከታች ካለው ቧንቧ ቀድቶ ጨርሶ ገብቷል። መብራት ይሄዳል። ከዚያ ከደረጃው ሥር አንድ ድምፅ ይሰማል፦ ሙሉ ጀሪካን ሲሚንቶ ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው ያ ወፍራም ድምፅ፣ ውስጡ ውሃው ሲንቦጫረቅ። ዝም። ቀስ ያለ እግር። ደግሞ ጀሪካኑ።

ከባድ ጀሪካን ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው በየመታጠፊያው አሳርፎ እጁን ይቀይራል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ድምፁን ሰምቶ ማን እየወጣ እንደሆነ የሚለይም አለ። አንደኛ ፎቅ ላይ አረፈ፣ ተነሳ። ሁለተኛው ላይ አረፈ፣ ተነሳ። ሦስተኛው ላይ አረፈ። ዝምታው ረዘመ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋለች። እኛም እንደ እሷ። ከዚያ ጀሪካኑ ተነሳ።

ይህን ፍርሃት ከየትኛው የውጭ ፊልም ነው የቀዱት? ውሃ በቧንቧው ሌት ተቀን በሚወርድበት፣ ሰው በሊፍት በሚወጣበት ከተማ ይህ ትዕይንት ሊታሰብም አይችልም። በአንድ ሌላ አገር በረዶ ውስጥ በመጥረቢያ የሚያሳድድ ሰው አይቼ ደንግጫለሁ፤ ድንጋጤው ግን ፊልሙ ሲያልቅ ይቀራል። የጀሪካኑ ድምፅ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። የዚያን ዕለት ማታ እኔና እህቴ ደረጃችንን ስንወጣ፣ ከላያችን አንዲት ጎረቤታችን ውሃ ይዘው እየወጡ ነበር። ጀሪካኑን ሲያስቀምጡት ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ቆምን። እትዬ ዘወር ብለው «ምነው ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?» አሉን። እህቴ ሮጣ ሄዳ ጀሪካኑን ተቀበለቻቸው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። በአቅምና በጥራት ጉዳይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ያንን ግማሽ ሳልሸሽ ልቀበል። ድምፅ እውነትም ችግራችን ነው። ሙዚቃው ንግግሩን የሚውጥበት፣ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ የተቀዳው ድምፅ ከተዋናዩ ከንፈር ጋር የማይገጥምበት፣ ሌሊት ነው ተብሎ ሰማያዊ መብራት የሚለቀቅበት ፊልም ብዙ አይቻለሁ። ትኬቴን ቆርጬ ገብቼ ግማሹን ንግግር ሳልሰማ ወጥቻለሁ። ይህ ያናድዳል፤ ማናደዱም ትክክል ነው።

የማልቀበለው ከዚህ ተነስተው «ገንዘብ የሌለው ትሪለር አይሥራ» ወደሚል ድምዳሜ መሄዳቸውን ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው ከዘውግ ሁሉ የሚሻለው ትሪለር ነው። የታሪክ ፊልም ልብስ፣ ፈረስ፣ ሠራዊት ይፈልጋል። የፍቅር ኮሜዲው እንኳ በእኛ አገር ልማድ ቪላ፣ ቪኤይት መኪና፣ የሠርግ አዳራሽ ካልተከራየ አይሆንም። ትሪለር አንድ ቤት፣ አንድ ደረጃ፣ ሦስት ሰው ይበቃዋል፤ የተቀረውን የሚሠራው የተመልካቹ ጭንቅላት ነው። በዓለምም ያየነው ይህንኑ ነው። ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚሠራው ክሪስቶፈር ኖላን፣ «ፎሎዊንግ» የተባለውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው በ6 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። እሱም ተዋንያኑም በአዘቦቱ ቀን ሥራ ስለነበራቸው የሚቀርጹት ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ወደ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። የሚቀረጽበት የፊልም ጥቅል ውድ ስለሆነ አስቀድመው እንደ ቴአትር ደጋግመው ይለማመዱና ካሜራው ፊት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ይሠሩታል። ያ ፊልም ምንድነው? ትሪለር ነው።

በካሜራ የቀን ኪራይ ሂሳብ፣ ከሥራ በኋላ በሚመጡ ተዋንያን፣ የጎረቤት ብረታ ብረት ቤት መዶሻውን እስኪያስቀምጥ እየጠበቁ ፊልም የሚሠሩ የእኛ ልጆች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዩበታል። እዚያ ላይ ግን አንድ ነገር ይታሰብ። ሮበርት ሮድሪጌዝ «ኤል ማሪያቺ»ን በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው በ7 ሺህ ዶላር ገደማ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ፊልሙን የገዛው ትልቅ ስቱዲዮ ለሲኒማ ሲያዘጋጀው ድምፁንም ጨምሮ የዚያን ብዙ እጥፍ እንዳወጣበት ይረሳል። ለዚህ ነው ለፊልም ሠሪዎቻችን፣ በተለይ ለትሪለር ሠሪዎቹ፣ ከድሮኑና ከመኪናው ኪራይ ቀንሳችሁ ለድምፅ ባለሙያ ክፈሉ የምለው። ያ የጀሪካን ትዕይንት የሠራው በድምፁ ነው። ምስሉ ጨለማ ነበር፤ አንዲት ሴት፣ አንድ በር፣ የስልክ መብራት። ድምፁን የቀዳው ሰው ግን በባዶ ጀሪካን አላታለለንም። ውሃ ሞልቶበታል። ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ያለበትን ሥራ «አቅም የለውም» ብሎ በደፈናው መጣል በደል ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ተመልካቹን የሚመለከት ነው። ጸሐፊው አዳራሽ ውስጥ ሰው ያወራል፣ በማያስቅ ቦታ ይስቃል፣ ስልክ ይነካካል፤ ትሪለር ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል ይላሉ። ስልኩን በተመለከተ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ በጣም በጨለመው ትዕይንት ስልኩን ከፍቶ ቴሌግራም ሲያይ ብርሃኑ ዐይኔን ወጋኝ፤ ትከሻውን ነካ አድርጌ «ወንድሜ፣ እባክህ» አልኩት። አጠፋው። ማሳወቂያ ሰሌዳ ከመለጠፍ ይህ ይሻላል።

በማውራቱ ግን አልስማማም። የዚያን ዕለት ከኋላችን ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ጀሪካኑ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲያርፍ «በስመ አብ» ሲሉ ሰማሁ፣ ለራሳቸው ነው። ሦስተኛው ላይ ሲያርፍ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ የወንበር ሲጥታ እንኳ አልነበረም። ጸሐፊው የናፈቁት ጸጥታ ያ ከሆነ፣ መጥተው ቢሰሙት እወድ ነበር። ጀሪካኑ ተነስቶ ሴትዮዋ እጇን ወደ በሩ ቁልፍ ስትዘረጋ ግን እናትየው አልቻሉም፤ «ኧረ አትክፈቺ! አትክፈቺ ልጄ!» ብለው ጮኹ። ከእሳቸው ኋላ ሌላ ሰው «ተዪው!» አለ። ከዚያ ሳቅ መጣ፣ ከዚህም ከዚያም።

ያ ሳቅ ነው ጸሐፊው «በማያስቅ ቦታ» ያሉት። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው እኩል ፈርቶ፣ መፍራቱንም እኩል ሲያውቀው የሚወጣ ሳቅ ነው፤ ፊልሙን አያቃልልም። ከሳቁ በኋላ የመጣው ጸጥታ ከፊተኛው ይበልጥ ከበደ፤ አሁን እያንዳንዳችን ሌላውም እንደሚፈራ አውቀናልና። ትሪለር ብቻህን ስታየው ፍርሃት ነው። ከሰው ጋር ስታየው ፍርሃቱ ይጨምራል፣ ግን ትሸከመዋለህ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ በንግግር ማስረዳት ይከብደኛል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ይሰማሃል።

ደግሞስ የእኛ ሰው ትዕይንትን ዝም ብሎ ያየው መቼ ነው? ቆሞ የሚሟገተው ሰው «በላ ልበልሃ» ሲል የከበበው ሕዝብ አፉን ዘግቶ አልሰማውም፤ ተገርሞ፣ ደግፎ፣ አጉረምርሞ ነው የሰማው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ግጥም ይቀበላል፣ ግጥም ይሰጣል። ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አወጣለት፤ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ቢያስደነግጠው ነው። ያ ድንጋጤ ነውር አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ ያቺ እናት ለሸራው ሲናገሩ፣ ለፊልም ሠሪው ከዚህ የበለጠ ምስጋና ማን ይሰጠዋል? «ልጄ» ነው ያሏት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያች ሴት ልጃቸው ሆነች። የውጭ ፊልም ላይ ላለችው ሴት ይህን ሲሉ አይታየኝም፤ በምን ቋንቋ ይጠሯታል?

ዩቲዩብን በተመለከተ፣ ጸሐፊው የሚሉት የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ በቁም ነገር ልውሰደው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፒያሳና በአምባሳደር ለአማርኛ ፊልም የነበረውን የእሁድ ሰልፍ አስታውሳለሁ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ይዞ መጣና ብዙ ቤተሰብ ማታ ማታ ቤቱ ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ አዳራሾች ተዘጉ፤ ሲከፈቱ የተመለሰው ሰው እንደ ድሮው አልነበረም። ፊልሞቹም ወደ ዩቲዩብ ሄዱ። ይህን እንደ ጥፋት አላየውም። ሪያድ ወይ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ፣ በስልኳ የአገሯን ፊልም የምታየው በዩቲዩብ ነው። ሌላ ሲኒማ ቤት የላትም። ለእሷ እሰየው ነው።

ጸሐፊውና እኔ ግን የምንኖረው ሲኒማ ቤት ባለበት ከተማ ነው። ለእኛ ጥያቄው የዋጋ ብቻ አይደለም። ልብ ሰቀላ ከጊዜ የሚሠራ ነገር ነው። ጀሪካኑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባረፈ ጊዜ ያ ዝምታ ስንት ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም፤ እንዲያጥር ማድረግ ግን አልቻልኩም። ጨካኙ ነገር እሱ ነው፣ ጣፋጩም እሱ ነው። ቤት ብሆን ያን ጊዜ ሻይ ላፈላ እነሳለሁ። ወይ በጣቴ አሥር ሰከንድ ወደፊት እገፋዋለሁ። ወይ ከሥር የተጻፈውን አስተያየት ከፍቼ ገዳዩ ማን እንደሆነ አንድ ችኩል ሰው ጽፎት አገኘዋለሁ። ማቆም የምችለው ፍርሃት አልሰቀለኝም ማለት ነው። ቀልዱን በዩቲዩብ እዩት፣ ድራማውንም እዩት፤ ብዙ አይጎድልበትም። ትሪለር ግን ሰዓቱ በእጃችሁ ከሆነ ይሞታል።

ሌላም አለ። ትልቅ ስም የሌለው ፊልም አዳራሽ ውስጥ የሚቆየው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ከገባለት ነው። ሰው ካልገባ ሰዓቱ ለሌላ ፊልም ይሰጣል፤ የማታው ወደ ቀን ይዛወራል፣ ከዚያ ይወርዳል። ገቢውን ፊልም ሠሪውና ሲኒማ ቤቱ ስለሚካፈሉት ሁለቱም ባዶ ወንበር አይችሉም። ስለዚህ «በኋላ አየዋለሁ» ያለ ሰው ፊልሙን በአዳራሽ የማየት ዕድሉን ያጣል። የመንገዱን መጨናነቅ በተመለከተ፣ እኛ በታክሲ ሄድን፣ በታክሲ ተመለስን።

የመጨረሻው ነጥብ የአገር ልጅ ስለሠራው ነው የምታሞግሱት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል፤ በልመና የታየ ፊልም ያለ አስመስለውታልና። እኔ መጥፎ የአማርኛ ፊልም አቋርጬ ወጥቻለሁ፣ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ። ይህንንም ፊልም ቢሆን እንከኑን አልሸፍንለትም። የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ወርደዋል። ክፉው ሰው ከተያዘ በኋላ ለምን እንዳደረገው፣ እንዴት እንዳደረገው፣ ከማን ጋር እንዳደረገው ቁጭ ብሎ ይተርካል፤ እኛ ግን ከፊቱ ገብቶን ነበር። ፖሊሶቹ የሚናገሩት አማርኛ የመግለጫ አማርኛ ነው፣ ጣቢያ ውስጥ እንዲህ የሚያወራ ፖሊስ አላየሁም። ሴትዮዋ ለእህቷ ስልክ የምትደውልበት ትዕይንት ደግሞ ሁለት ጊዜ የተደገመ ያህል ረዝሟል። አዘጋጁን ባገኘው ይህንኑ እነግረዋለሁ፤ ስለማከብረው እነግረዋለሁ።

ነገር ግን ሚዛኑ እኩል ይሁን። በውጭ ትሪለር ውስጥ ገዳዩ ሁሉን ሲተርክ ዝም ብለን እናያለን። ጀግናው አርባ ጥይት ሲተኮስበት አንዱም ሳይነካው ይቀራል፣ ይቅር እንላለን። አንዲት ሴት ብቻዋን ጨለማ ቤት ስትገባ «የፊልም ነገር ነው» እንላለን። የእኛ ፊልም ላይ ያው ነገር ሲመጣ «አይ የአበሻ ፊልም!» እንላለን። ያን ቃል አዳራሹ በር ላይ ከአንድ ወጣት ሰምቼዋለሁ፤ ገና ሳይገባ ነው ያለው። ሲወጣ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ቁልፉ የማን ኪስ ውስጥ እንደነበረ ሲከራከር ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ አንደኛው «የዘበኛው ነው» ይላል፣ ሌላው «ዘበኛው እኮ ያኔ እዚያ አልነበረም!» ይላል። እኔና እህቴም ያንኑ እየተከራከርን ነበር። አራታችንም ቆመን አሥር ደቂቃ ያህል አወራን። የማናውቃቸው ልጆች ናቸው። ገዳዩን እህቴ ናት ቀድማ ያወቀችው፤ ጋቢው ነው ያስነቃት፣ ዝርዝሩን ላላየው ሰው አልናገርም።

ለአገር ልጅ ብዬ ቢሆን ኖሮ ትኬቱን ቆርጬ ቤቴ እገባ ነበር። ፊልሙ አሁንም እየታየ ነው፤ የፊታችን እሁድ የአሥር ሰዓቱን እናታችንን ይዘን እንሄዳለን። እሷ ቴሌቪዥን ስታይ እንኳ ከተዋናዮቹ ጋር ታወራለች፤ ዕድሜዋን ሙሉም ውሃ በጀሪካን ተሸክማለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲያርፍ ምን እንደምትል ለመስማት ቸኩያለሁ።